የቅቤ ሚዛን

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከጨው ተራ በላይ፣
አርባ ዓመት ተቀምጧል አባቴ ሚዛን ላይ።
የለጋምቦን ለጋ፣ የወረኢሉን በሳል፣
በጥፍሩ ጫር አርጎ፣ ቀምሶ ዋጋ ይቀንሳል፤
ሙዝ የተቀየጠ፣ ውሃ የተጋተ፣
በአባቴ ጣት ሥር እፍረቱን ሸተተ።

እኔ ደግሞ ልጁ፣ ፒያሳ ላይ ቆሜ፣
ሚሊግራም ስቆጥር ይዝላል አቅሜ።
ሙሄ በኪሎ ነው፣ እኔ በእንጥፍጣፊ፤
ሁለታችንም ግን የሚዛን አሳላፊ።

ባለፈው ግንቦት ነው፤ ደረቱን ጨበጠ፤
ቧንቧ ውሃ ዳገት ላይ ትንፋሹ ተቆረጠ።
ወረቀቱ መጣ፣ ቁጥሩ በቀይ ተሰምሮበት።
“ቅቤ ነው” አልኩት።
“እሱንማ አውቃለሁ፤ ስንት ኪሎ?”

“የበላኸው ብቻ አይደለም፤ ጉበትህም ይንጣል፤
ሌሊት፣ አንተ ተኝተህ፣ ቅሉን ያናውጣል።”
“ማን አዘዘው?” አለ።
“ማንም።”

እንክብል ሰጠሁት፣ ከምስር ያነሰች።
“እቺ ናት ለአርባ ዓመት ቅቤ የደረሰች?”

በወሩ ሱቁ ብሄድ፣ ሚዛኑን ጭኖታል፤
ባንዱ አንድ አንኳር ቅቤ፣ ባንዱ እንክብል ሞልቶታል።
ሃያ አምስት ቆጠርኩኝ፤ አምስቷን ነው የዋጠ፤
ሚዛኑ በቅቤው ጎን ዘመመ፣ አዘቀጠ።
“አየሽ፣ ቀለለብኝ፤ ደግሞም ጭኔን በላኝ፤
ዳገቱን ስጀምር ጉልበቴም ከዳኝ።”

በቅቤ ቆርቆሮ ላይ ተቀመጥኩ፤ ነገርኩት።

“ይህ ነገር መነሻው ሻጋታ ነው አባ፤
ሩዝ ላይ የበቀለ፣ ሰው የሚጥለው አበባ።
ስንቱን ዓይነት ሻጋታ በብልቃጥ ፈተኑ፤
ከሺው አንዱ ተገኘ፣ ያውም ሳያምኑ።

ጉበት ሲንጥ ጊዜ አንድ ወንበር አለው፤
ለታወቀ እንግዳ የተሰናዳ ነው።
መድኃኒቱ ያንን እንግዳ ይመስላል፣
ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቀድሞ ይቀመጣል፤
እንግዳው ደጅ ይቀራል፣ ናጩ ይታለላል።
ጉበትም ሲጎድልበት በሩን ያበዛና፣
ከደምህ ይለቅማል የቆየውን እንደገና።

ከቀደሙት አንዱ ቀለበቱ ዝግ ነበር፤
ጉበት ሲደርስ ነው የሚከፈት፣ እንደ አደራ ነገር።
ኬሚስቶቹ ከዚያ ቆረጡ፣ ቀጠሉ፤
እዚህ ፍሎሪን ሰኩ፣ እዚያ ድኝ አከሉ።
አንዱ ስብ ይወዳል፣ ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤
አንዱ ውሃ ይወዳል፣ ጡንቻን ከሩቅ ሰላም ብሎ
ጉበትን ያግባባል።
ያን ሁለተኛውን ይዤልህ መጣሁ ዛሬ።
ጭንህን አይነካም ብዬ አልምልልህም።
ከነካህ ግን፣ ለሚዛን ሳይሆን፣ ለእኔ ንገረኝ።”

ዝም አለ። ቅቤውን ጣቱ ላይ አዞረ።
“እሱስ፣ ሻጋታው፣ ለምን ሲሠራው ኖረ?”

“ለኛ ብሎ አይደለም። ከጎረቤት ተጣልቶ፣
በአንዲት ፍሬ ሩዝ ላይ ድንበር ተሟግቶ
ይሆናል፤ ማን ያውቃል።”
“ድንበር!” አለ አባቴ። “እሱስ ከኛው አገር ነው።”

ቅቤ የነካ እጁን ሳይጠርግ ዘረጋ፤
መዳፎቹ አበሩ፣ ጣሪያው ሥር፣ እንደ ነጋ።
“አብሽር አንተ ሻጋታ፤ ጠላትህ ይመንምን፤
ዘርህ አይንጠፍ፤ ሩዝህ አይጉደልብህ፤
ሳታውቀን የዋልክልንን አላህ ይወቅልህ።”
“አሜን” አለ ተበጀ፣ ጨው ሻጩ፣ ከማዶ፣
ምርቃቱ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ በባዶ።

ያን ማታ፣ ከኢሻ በኋላ፣ ደወለ።
ጦሳ በጉም ተሸፍኖ መብራቱም ጠፍቶ ነበር።
“ዋጥኳት” አለኝ። ጥቂት ዝም አለና፣
“ጉበቴ አሁን ምን ያደርጋል?”

“ይንጣል አባ፤ መች ይተኛል።
ቅሉ ግን ቀሏል።”